ሥዕሉ ያልያዘው፦ የሠዓሊ የጉዞ ማስታወሻ እንደ ታሪክ ምስክር



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሠዓሊ በጉዞ ላይ በእጁ የጻፈው ማስታወሻ፣ ሥዕሉ የማይነግረንን ምን ይነግረናል? ለአብነት የምወስደው ስኮትላንዳዊውን ዊልያም ሲምፕሰንን ነው።

ሲምፕሰን የክሪሚያን ጦርነት በሥዕል በመዘገቡ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት፣ «ኢሉስትሬትድ ለንደን ኒውስ» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ወደ አገራችን ላከው። ከሥዕሉ ጎን ለጎን የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ማስታወሻው በፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት አዘጋጅነት በመጽሐፍ መልክ የወጣው ግን ከ134 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

የሁለቱ ልዩነት ምኑ ላይ ነው? በዚያ ዘመን ጋዜጣ ፎቶግራፍን በቀጥታ ማተም አይችልም ነበር። የሠዓሊው ንድፍ ባሕር ተሻግሮ ለንደን ይደርሳል፤ በዚያም በቦታው ያልነበሩ ባለሙያዎች በእንጨት ላይ ቀርጸው ለኅትመት ያበቁታል። ስለዚህ አንባቢ ዘንድ የሚደርሰው ሥዕል የብዙ ሰው እጅ ያረፈበት ነው። ማስታወሻው ግን የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው። ቀኑን ከቦታው አገናኝተን፣ በጋዜጣ የወጣውን ሥዕል እንድንመረምርበት ያስችለናል።

ሆኖም ማስታወሻ ሁሉን አያስታውስም። ሲምፕሰን የመጣው ከዘማቹ ጦር ወገን ነው። መቅደላ ስትወድቅ ከተዘረፉት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ብሪትሽ ሙዚየም ገብተዋል፤ የተዘረፈው ሕዝብ ኀዘን ግን በዘማች ማስታወሻ ውስጥ ተሟልቶ አይገኝም። ስለዚህ የሲምፕሰንን ጽሑፍ ከአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕል ጋር ማስተያየት ግድ ይላል። አንዱ ምስክር ያለሌላው ጎደሎ ነው።

ይህ ለእኛ ምን ያስተምረናል? ኮልፌ ቀራንዮ የምትኖሩ ተማሪዎች አጠና ተራን ታውቁታላችሁ። በስልካችሁ ያነሣችሁት ፎቶ የአጠናውን ክምር ያሳያል፤ አጠናው ከየት እንደመጣ፣ የዕለቱ ዋጋ ስንት እንደነበር፣ ሻጩ ስለ ሰፈሩ ያወጋችሁን ግን አያሳይም። ሰፈር ሲለወጥ አስቀድሞ የሚጠፋውም ይኸው ነው። ስለዚህ ደብተር ያዙ። ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፤ ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩ። የተሳሳታችሁትንም ሰርዙት እንጂ አትፋቁት፤ ስርዙ ራሱ ለነገው ተመራማሪ ማስረጃ ነውና።