የሐሞት ጠጠር እና «ጨጓራ» የሚባለው ሕመም

በአማርኛ «ጨጓራ» የአካል ክፍል ስም ብቻ ሳይሆን የበሽታም ስም ነው። «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው ከእምብርቱ በላይ የሚሰማውን ማቃጠል፣ መነፋትና ቁርጠት ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ያጠቃልለዋል። ሐሞት ግን በዚሁ ቋንቋ ከሕመም ይልቅ ከወኔ ጋር ተቆራኝቷል፤ ድፍረት የከዳው ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይባላል፣ ቆራጡም «ሐሞተ ኮስታራ» ይሰኛል። አነጋገሩ በራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ሲል ነው፤ ምርመራው ከጨጓራ ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ያበቃል።

የሐሞት ከረጢት በግ ያረደ ሁሉ የሚያውቀው፣ ከጉበት ሥር የተለጠፈ አረንጓዴ ከረጢት ነው። በሰው ላይ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ሲያመነጭ ከረጢቱ ከፊሉን ተቀብሎ ውሃውን በመምጠጥ ያወፍረዋል፤ ቅባት ያለው ምግብ ወደ ቀጭኑ አንጀት ሲደርስም ተኮማትሮ ያፈሰዋል። በሐሞት ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሊሟሟ ከሚችለው በላይ ሲበዛ፣ ወይም ከረጢቱ በሚገባ መኮማተር ሲሳነው፣ ደቃቅ ክሪስታሎች ተፈጥረው እየተደራረቡ ጠጠር ይሆናሉ። ቀይ የደም ሴሎች ከልክ በላይ በሚፈርሱባቸው በሽታዎች ደግሞ ከቢሊሩቢን የሚሠራ ጥቁር ጠጠር ይገኛል። በሽታው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች፣ ይልቁንም ደጋግመው በወለዱት ላይ ያይላል፤ ዕድሜና ውፍረት ያባብሱታል። ለመክሳት ሲባል በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ኪሎ መቀነስም ጠጠር ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ መሆኑ ብዙም አይነገርም።

ጠጠሩ በከረጢቱ ውስጥ ተንሳፍፎ እስከቆየ ድረስ አያምም። ሕመሙ የሚነሣው ከረጢቱ ሲኮማተር ጠጠሩ መውጫው ላይ ሲቀረቀርና በውስጡ ያለው ግፊት ሲያይል ነው። የሕመሙ ጠባይም ከዚሁ አሠራር ይመነጫል። እየጨመረ ሄዶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል፤ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ለተወሰኑ ሰዓታት ሳይረግብ ይቆያል፤ ጠጠሩ ከመውጫው ሲለቅ ሕመሙም ይለቃል። ሥፍራው ከቀኝ ጎድን አጥንቶች ሥር ወይም በላይኛው ሆድ መሐል ሲሆን ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ ይዘልቃል። መገላበጥ፣ መጸዳዳት ወይም አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት መውሰድ አያስታግሠውም። የጨጓራ ሕመም በአንጻሩ ይበልጡን የሚያቃጥል፣ ከምግብ ወይም ከረኀብ ጋር የሚለዋወጥና ቀን ከቀን የሚመላለስ ነው። የሐሞት ጠጠር ሕመም አንዴ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ለሳምንታት ወይም ለወራት ድምፁን ሊያጠፋ ይችላል።

ለስሕተት በር የሚከፍተውም ይህ ዝምታ ነው። ሌሊቱን በሕመም ያደረ ሰው ጠዋት ጤና ጣቢያ ሲደርስ ሆዱ ለስላሳ ነው፤ የጉበት ምርመራው ልክ ነው፤ የነጭ ደም ሴሎቹ ቁጥርም አልጨመረም። በእጁ የሚገባው ማስረጃ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘ የሚል ወረቀት ነው። ባክቴሪያው በኢትዮጵያ በብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ ስለሚኖር መገኘቱ ለዚያ ሌሊት ሕመም መንሥኤ መሆኑን አያረጋግጥም። በደም የሚደረገው የፀረ እንግዳ አካላት ምርመራማ ባክቴሪያው በመድኃኒት ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ማለቱን ሊቀጥል ይችላል። ከዚያ ኦሜፕራዞል ይታዘዛል። ሕመሙም አስቀድሞ በራሱ ጊዜ ለቅቆ ነበርና ለወራት አይመለስም፤ ምስጋናውን መድኃኒቱ ይወስዳል። በተመለሰ ጊዜ ያው መድኃኒት ይደገማል። አንዳንድ ሰው በዚህ መንገድ ዓመታትን ይገፋል።

የአመጋገብ ሥርዓትም ነገሩን ያወሳስበዋል። 55 ቀን ሙሉ ከሥጋና ከቅቤ ተከልክሎ የቆየ ሰው በፋሲካ ዶሮ ወጥ በልቶ ከሰዓታት በኋላ ቢታመም፣ ቤተሰቡ «ሆዱ ቅባት ስላልለመደ ነው» ይላል። አባባሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ቅባት የሐሞት ከረጢትን በኃይል የሚያኮማትር በመሆኑ ጠጠር ካለ ሕመሙን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ዳሩ ግን ምክንያቱ በልማድ ስለተሰጠ ጠጠሩን የሚፈልግ አይኖርም።

ጠጠሩን ለማየት የተሻለው መሣሪያ በብዙ ከተሞች የሚገኘውና ዋጋውም ከሌሎቹ የምስል ምርመራዎች የሚቀለው አልትራሳውንድ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለን ጠጠር ከ95 በመቶ በላይ በሚሆኑ ሕመምተኞች ላይ ያሳያል። ከምርመራው በፊት ለስድስት ሰዓት ያህል ምግብ አለመውሰድ ግድ ነው፤ በልቶ የመጣ ሰው ከረጢቱ ተጨምቆ ባዶ ስለሚሆን በውስጡ ያለውን መለየት ያስቸግራል። ተራ ራጅ ካልሲየም ያልያዙትን አብዛኞቹን ጠጠሮች አያሳይም፤ ሲቲ ስካንም ከፊሉን ይስታል። ኢንዶስኮፒ የጨጓራን ውስጥ እንጂ የሐሞት ከረጢትን አያይም፤ ስለዚህ «ኢንዶስኮፒው ንጹሕ ነው» የሚለው ውጤት የፍለጋው መጨረሻ መሆን የለበትም። አልትራሳውንድ ራሱ የሚደክምበት ቦታ አለ፤ ከከረጢቱ ወጥቶ ወደ ዋናው የሐሞት ቧንቧ የገባ ጠጠር በአንጀት አየር ስለሚሸፈን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። በዚህ ጊዜ የቧንቧው መስፋትና የጉበት ምርመራው መዛባት ይጠቁማሉ፤ ኤምአርአይም ያረጋግጣል። በአገሪቱ ወስፋት የተስፋፋ በመሆኑ በቧንቧው ውስጥ የሚታየው ጠጠር ሳይሆን ከአንጀት የወጣ ትል ሊሆን እንደሚችልም መርማሪው አይዘነጋም።

ተቃራኒው ስሕተት ግን ያነሰ አይደለም። ለሌላ ጉዳይ በተደረገ አልትራሳውንድ ጠጠር የተገኘበት ሰው ወዲያው ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ለዘመናት የቆየውን መነፋትና ማቃጠልም በጠጠሩ ያሳብባል። እውነታው ጠጠር ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ፣ ከአምስቱ አራቱ ያህል፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይታመሙበት ይኖራሉ፤ በየዓመቱ ሕመም የሚጀምራቸው ከመቶው አንድ ወይም ሁለት ገደማ ናቸው። ከረጢታቸው ከወጣላቸው ሕሙማንም፣ እንደየጥናቱ ይለያይ እንጂ፣ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት የሆድ ሕመማቸው እንዳልተዋቸው ይናገራሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም ሕመማቸው የጠጠር ጠባይ ያልነበረው ናቸው። ስለሆነም ምስሉ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ የሕመሙ ታሪክ ከምስሉ ጋር መግጠም አለበት። ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ የት እንደዘለቀና ከዚያ በፊት ምን እንደተበላ በማስታወሻ የያዘ ሕመምተኛ ለሐኪሙ ከብዙ የላቦራቶሪ ወረቀት የበለጠ ይረዳዋል። በዕድሜ በገፋ ወይም የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ የላይኛው ሆድ ሕመም የልብ ድካም ምልክት ሊሆን ስለሚችል የልብ ምርመራም ይቀድማል።

ጊዜ የማይሰጡ ሁኔታዎች አሉ። ከስድስት ሰዓት በላይ የቆየና ትኩሳት የታከለበት ሕመም ከረጢቱ መቆጣቱን ያመለክታል፤ ሐኪሙ ከቀኝ ጎድን ሥር ተጭኖ «ተንፍስ» ሲል የሕመምተኛው ትንፋሽ መሐል ላይ ይቆረጣል። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር፣ ሰገራ ሲነጣና ቆዳ ሲያሳክክ ቧንቧው ተዘግቷል። ይህ በተለምዶ «የወፍ በሽታ» ተብሎ ወደ ባህል ሐኪም የሚወሰድ ሕመም ነው፤ ነገር ግን ቢጫነቱ ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ የቧንቧው ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ትንሽ ጠጠር ወርዶ የቆሽትን መውጫ ከዘጋም ቆሽት ይቆጣል።

ለሚያሳምም ጠጠር ሁነኛው ሕክምና ከረጢቱን ማውጣት ነው። ጀርመናዊው ካርል ላንገንቡኽ በ1882 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ይህን ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያው ሆኖ ሲሠራ መነሻው ጠጠሩን ብቻ አውጥቶ ከረጢቱን መተው ሌላ ጠጠር እንዲያፈራ መፍቀድ ነው የሚል ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. የአገሩ ልጅ ኤሪክ ሙኸ ያንኑ በትናንሽ ቀዳዳዎች በላፓሮስኮፒ ሠራው። በኢትዮጵያ ላፓሮስኮፒ በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ ሆድ ተከፍቶ የሚሠራው ግን በብዙ ቦታ አለ፣ ቁስሉ ለመዳን ጊዜ ቢወስድም ውጤቱ ያው ነው። በቧንቧ ውስጥ ያለን ጠጠር በአፍ በሚገባ መሣሪያ ማውጣት የሚችሉ ማዕከላት ግን ጥቂት ናቸው። ጠጠር የሚያሟሟው ዑርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚሠራው ለትናንሽ የኮሌስትሮል ጠጠሮች ብቻ ሲሆን ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ይወሰዳል፤ ከተቋረጠ በኋላም በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሹ ሕሙማን ላይ ጠጠሩ ይመለሳል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረው የወይራ ዘይትና የሎሚ ጭማቂ «ማጽጃ» ደግሞ በሰገራ የሚያወጣቸው አረንጓዴ ድብልብሎች ጠጠር አይደሉም፤ ዘይቱ በአንጀት ውስጥ ተለውጦ የሠራው ሳሙና ነው።

ከረጢቱ የወጣለት ሰው ሐሞት ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይፈስለታል፤ ጥቂቶች ለተወሰነ ጊዜ ተቅማጥ ቢያስቸግራቸውም አብዛኞቹ የለመዱትን ምግብ ይመገባሉ። ያ የቀድሞው ሕመም ከወራት በኋላ በዚያው ጠባይ ከተመለሰ መጀመሪያ የሚመረመረው የሐሞት ቧንቧው ነው፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በዚያ የቀረ ጠጠር ሊኖር ይችላልና።