በልባቸው ታመው ስለሚወለዱ ሕፃናት

በጎንደር ያለውን ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ስሙም እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበትን የግብጽን ደብር ያስታውሳል። በ1762 ዓ. ም. ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር በገባ ጊዜ በእቴጌይቱ ግቢ ልጆች በፈንጣጣ ታመው ነበርና እንዲያክማቸው ተለመነ። እንግዲህ ስለ ሕፃን ሕይወት መጨነቅ ለቁስቋም እንግዳ ነገር አይደለም።

ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ በ1972 ዓ. ም. ታውጇል። ከማኅፀን ጀምሮ የሚመጣው የልብ ጉድለት ግን ዛሬም አለ፤ ከ100 ሕፃናት አንዱን ያህል ያገኛል።

ሕፃን በማኅፀን ሳለ በሳንባው ስለማይተነፍስ፥ ወደ ሳንባ ይሄድ የነበረው ደም በአንዲት አጭር የደም ሥር አልፎ ወደ ታላቁ የደም ሥር ይገባል። ይህች መተላለፊያ ከልደት በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ በራሷ ትዘጋለች። ለጤነኛው መዘጋቷ መልካም ነው፤ ወደ ሳንባ የሚወስደው ዋናው መንገድ ተደፍኖ ለተወለደው ግን የሕይወቱ በር እርስዋ ብቻ ናት። በተዘጋች ጊዜ ከንፈሩና ምላሱ ይጠቁራል፥ ጡት መጥባት ይሳነዋል፤ ብዙውን ጊዜም ወንዱ 40፥ ሴቷም 80 ቀን ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ጎረቤትም «ቡዳ በልቶት ነው» ብሎ ዝም ይላል።

ኅዳር 20 ቀን 1937 ዓ. ም. በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፥ ሔለን ታውሲግ ባመለከተችው፥ ቪቪየን ቶማስም ሞክሮ ባዘጋጀው ዘዴ፥ አልፍሬድ ብላሎክ የአንዲት ሕፃን ደረት ከፍቶ ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ሥር ከሳንባው ሥር ጋራ አገናኘ። በ1960ዎቹ ፍጻሜ መተላለፊያዋን ክፍት አድርጎ የሚያቆይ መድኃኒት ተገኘ፤ ነገር ግን የሚሠራው ሳይቋረጥ በደም ሥር ሲሰጥ ብቻ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሐኪሞች ደረት ሳይከፍቱ፥ ስቴንት የሚባለውን ከሽቦ የተሠራ ወንፊት መሰል ቱቦ በደም ሥር አሳልፈው፥ በራጅ እየተመለከቱ፥ በምትዘጋው መተላለፊያ ውስጥ ያቆሙታል። ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስቴንቱ ከልጁ ጋራ ስለማያድግ ሊጠብ ይችላል፤ ስለዚህ ክትትል፥ በኋላም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ሆኖም ለደካማው ሕፃን የማደጊያ ጊዜ ይሰጠዋል።

በኢትዮጵያ በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል በ2001 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፍቷል። ከጎንደር እስከዚያ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የሕፃኑ ዕድሜ ግን በሰዓት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው በሽታውን በጊዜ መለየት ነው። በእጅና በእግር ላይ ተደርጎ የደሙን አየር በብርሃን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ሕፃኑን አያሳምምም፥ ከጥቂት ደቂቃም በላይ አይፈጅም። በ1947 ዓ. ም. የተቋቋመው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ባለሙያዎችን አስተምሮ ወደ ገጠር እንደ ላከ፥ ይህም መሣሪያ እስከ ሩቁ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ማድረግ የሹማምንት ተግባር ነው።

ካህናትም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ወደ አራስ ቤት ጠበል ሊረጭ የሚገባው የንስሐ አባት የጠቆረ ከንፈር ቢያይ፥ ጸሎቱን አድርሶ «ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዱት» ቢል፥ እናቲቱ ቃሉን ትሰማለች። ጠበሉና ሐኪሙ አይጣሉም፤ የሐኪሙንም ጥበብ የሰጠ እግዚአብሔር ነው።