ትየርኪዲን የተሸከመው ጥቁር አፈር

በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሳ፣ ድንበር ተሻግረው ለመጡ ስደተኞች በጋምቤላ ክልል ኢታንግ ልዩ ወረዳ የትየርኪዲ መጠለያ ተከፈተ። ስለ መጠለያው ብዙ ተነግሯል፤ ስለሚቆምበት መሬት ግን እምብዛም አይወራም። የጋምቤላ ሜዳ ሰፊው ክፍል ደገኛው ዋልካ የሚለው፣ የግንባታ ባለሙያ ደግሞ «ብላክ ኮተን» ብሎ የሚሸሸው ጥቁር አፈር ነው። በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ መኪና ይይዛል፣ ውሃ ላዩ ላይ ያቆራል።

ማዕድን ሲባል ወርቅ ቀድሞ ወደ አእምሮ ይመጣል። ጋምቤላም ወርቅ አላት፤ በዲማ በባህላዊ መንገድ ይታጠባል። እኔ ግን በዚህ ሜዳ የሰውን ኑሮ ከወርቁ ይልቅ የሚወስነው በጥቁሩ አፈር ውስጥ ያለው ማዕድን ነው እላለሁ። ስሙ ሞንሞሪሎናይት ነው፤ የተሰየመውም በፈረንሳይቷ ሞንሞሪሎን ከተማ ነው።

የተሠራበት ንጥረ ነገር ብርቅ አይደለም። ከምድር ቅርፊት ክብደት 46 ከመቶ ያህሉ ኦክስጅን፣ 28 ከመቶው ሲሊከን፣ 8 ከመቶው አሉሚኒየም ነው፤ ዋልካውም በዋናነት ከእነዚሁ የተገኘ ነው። ምንጩ ብዙ ጊዜ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። ድንጋዩን ዝናብና ሙቀት ሲያበሰብሱት በውስጡ የነበሩት ማዕድናት ፈርሰው እንደገና በሸክላ መልክ ይሠራሉ። ከምሥራቁ ደጋ የሚወርዱት ባሮና ገባሮቹም ደለላቸውን ተሸክመው ሜዳው ላይ ይጥሉታል።

ጠባዩ ከአሠራሩ ይመጣል። ሁለት የሲሊከን ንጣፎች አንድ የአሉሚኒየም ንጣፍ መካከላቸው ይዘው አንድ ቅጠል ይሆናሉ፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ቅጠሎቹ እንደ እንጀራ ይደራረባሉ፤ እርስ በርስ የሚይዛቸው ኃይል ግን ደካማ ነው። ውሃ ሲያገኙ በመካከላቸው ያስገቡትና ይራራቃሉ፤ አፈሩ ያብጣል። ሲደርቅ ውሃው ይወጣል፣ አፈሩ ይሰበሰባል፣ መሬቱ ይቀደዳል። የአንድ ግራም ሞንሞሪሎናይት ቅጠሎች ቢዘረጉ ስፋታቸው እስከ 700 ካሬ ሜትር ይደርሳል። በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም ስለሚያዙ ዋልካ ለም ነው። የሸዋ ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፦ ክረምቱ ሲያበቃ ሽምብራና ጓያ ዘርቶ አፈሩ በያዘው እርጥበት ያበቅላል። እዚያው ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ደግሞ መደብ በእጃቸው ከፍ አድርገው ውሃውን በቦይ ያስወጣሉ።

ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሰፍሮ ሲኖርበት ግን ዋልካ አስቸጋሪ ነው። ውሃ ስለማያሰርግ የመጸዳጃ ጉድጓድ በክረምት ይሞላል፤ ግድግዳው ይናዳል። መንገድ ሌላ አፈር ካልተደለደለበት አይረገጥም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። አንደኛው ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ ሰሌክት በሚባለው የተመረጠ የሙሌት አፈር መተካት ነው፤ አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ የሚገነቡ ያውቁታል። ሌላው ኖራ መቀላቀል ነው፦ የኖራው ካልሲየም በቅጠሎቹ መካከል ገብቶ ያቀራርባቸዋል፤ እብጠቱም ይቀንሳል።

በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም መጸዳጃ ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ መሬቱን በክረምት ብቻ አትዩት፤ የካቲት ላይ ስንጥቁን ተመልከቱ። ደርቆ የተፈጨ አፈር በመስታወት ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩ፤ ከፍታውን ምልክት አድርጉ፤ በደንብ ውሃ ሙሉበትና አንድ ቀን አቆዩት። እጥፍ ሆኖ ካገኛችሁት መሠረት ከመጣላችሁ በፊት መሐንዲስ አማክሩ።