ከሬሜዲያል እስከ በርጉ፤ የኮሌጅ ሂሳብ ከሃና ሲታይ

የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 8.4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ 3.3 ነበር፤ በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4። ቁጥሩ ከፍ እያለ ነው። ያም ሆኖ ከመቶው ከዘጠና በላይ የሆነው ወጣት አሁንም ከመስመሩ በታች ነው፤ ይህ እውነታ የኮሌጅ ሂሳብን የለወጠውን ያህል የትኛውም የመጽሐፍ ክለሳ አልለወጠውም። በዚህ ፈተና ማግስት ከፍተኛ ትምህርት ደጃፍ ላይ ለቆመው ብዙ ተማሪ የመጀመሪያው የሂሳብ ኮርስ ሬሜዲያል ሆኗል።

ጉዳዩን ከሃና ሆኜ ልየው። ሃና የሳላማጎ ወረዳ ከተማ ናት፤ የቦዲ፣ የሙርሲ፣ የዲሜና የባጫ ሕዝቦች የሚገናኙባት። ለትምህርት የሚወጣ ልጅ መንገዱ ወደ ጂንካ ነው። እዚያ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ፤ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ጂንካ ዩኒቨርሲቲም አለ። ልጁ መቁጠርን ከእናቱ በሙርሲኛ ይማራል፣ መደመርና መቀነስን መምህሩ በአማርኛ ያስረዱታል፣ ፋንክሽንና ማትሪክስ ላይ ሲደርስ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሆናል። ሦስት ቋንቋ ተሻግሮ አንዲት እኩልታ ላይ የሚደርስ ተማሪ ሲሳሳት፣ የተሳሳተው ሂሳቡን ይሁን ቋንቋውን ለይቶ የሚያውቅ ፈታኝ እስካሁን አላየሁም።

አሜሪካኖች ኮሚኒቲ ኮሌጅ በሚሉት ተቋም የሚሠራው ሥራ እኛ ዘንድ በሦስት ቤት ተከፋፍሎ ይገኛል። አንዱ ሬሜዲያል ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው፣ የማለፊያ ነጥብ ያልሞላለት ተማሪ ለጥቂት ወራት ተምሮ ዳግም የሚፈተንበት። ናቹራልም ሆነ ሶሻል፣ ሂሳብ ሳይነካ የሚያልፍ የለም። የምጠራጠረውም እዚሁ ላይ ነው። ተማሪው በዓመታት ያልገባውን የሁለተኛ ደረጃ ይዘት በአራት ወር ፍጥነት ማስደገም ለጠንካራው ተማሪ ክለሳ ይሆናል። ክፍልፋይ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ያመለጠው ልጅ ግን የሚያስፈልገው ወደ ኋላ ተመልሶ ያቺን የጎደለች ድንጋይ ፈልጎ የሚያስቀምጥለት አስተማሪ ነው።

ሁለተኛው ቤት ፍሬሽማን ነው። ከተተወ ከብዙ ዓመት በኋላ በትምህርት ፍኖተ ካርታው ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ሂሳብም ለተፈጥሮ ሳይንስና ለማኅበራዊ ሳይንስ ተብሎ በሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ከሎጂክና ከስብስብ ይነሳሉ። ናቹራሎቹ በእውናዊና በኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ በፋንክሽንና በአናሊቲክ ጂኦሜትሪ ይቀጥላሉ፤ ኢንጂነሪንግ የሚገቡትን አፕላይድ ማትስ ይጠብቃቸዋል። ሶሻሎቹ ፋንክሽንን፣ ማትሪክስንና የካልኩለስ መግቢያን ይወስዳሉ። የሎጂኩን ክፍል እወደዋለሁ። «ዝናብ ከዘነበ መሬቱ ይረጥባል» ከተባለ፣ መሬቱ ረጥቦ ብናገኘው ዘንቧል ማለት አለመሆኑን በሠንጠረዥ ሠርቶ ያየ ተማሪ በየቀኑ ከሚሰማው ወሬ ግማሹን መመዘን ይችላል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ዲተርሚናንት ሲያሰላ ሰንብቶ ናሙና ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ኮርሱን መጨረሱ ግን አይዋጥልኝም። ይህ ወጣት ነገ የወረዳ ባለሙያ ሆኖ የከብት ቆጠራ ሪፖርት ይፈርማል።

የትኛው ሂሳብ ለማን ይገባል በሚለው ጥያቄ የተከራከርነው እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የሕዝብ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚባለው የኢሊኖዩ ጆሊየት እ.ኤ.አ. በ1901 ተከፍቷል፤ ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ትምህርታቸውን በሞንጎምሪ ኮሌጅ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምረዋል። እዚያም ለዓመታት ሕጉ አንድ ነበር፦ የምደባ ፈተና ያላለፈ መጀመሪያ ክሬዲት የሌለውን አልጀብራ ይውሰድ። ብዙው ከዚያች ክፍል ሳይወጣ ትምህርቱን ተወ። በኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ተማሪዎች በዕጣ ተከፍለው የተሞከረና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነገሩን ገለጠው። አልጀብራ ከተመደቡት 39 በመቶ ሲያልፉ፣ በቀጥታ የኮሌጅ ስታቲስቲክስ ገብተው ሳምንታዊ ተጨማሪ ድጋፍ ያገኙት 56 በመቶ አለፉ። ተማሪዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የተለየው በሩና ድጋፉ ነው። ካሊፎርኒያ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ኮሌጆቿ ተማሪን በቀላሉ ወደ ሬሜዲያል እንዳይገፉ አድርጋለች። ይህን ማስረጃ የእኛዎቹ ሥርዓተ ትምህርት አውጪዎች ጠረጴዛ ላይ ባየው ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ቤት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። ሂሳብ እዚያ በአብዛኛው ከሙያው ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ግንበኛው በሲባጎ 3፣ 4፣ 5 ሜትር ለክቶ ማዕዘን ያወጣል፤ አንድ ለሁለት ለሦስት ብሎ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ያዋህዳል። የሒሳብ መዝገብና የልብስ ስፌት ክፍሎችም የየራሳቸው ስሌት አላቸው፤ አልቆምባቸውም። የምቆመው ቦይ ላይ ነው፤ የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ሳላማጎ ውስጥ ቦይ ከቆፈረ ወዲህ ውሃ መለካት የአካባቢው ሙያ ሆኗልና። ወለሉ 2 ሜትር፣ አፉ 5 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1.5 ሜትር የሆነ ቦይ እናስብ። ወለሉና አፉ ተደምረው ለሁለት ይካፈሉና በጥልቀቱ ሲባዙ 5.25 ካሬ ሜትር ይመጣል። ከዚያ ደረቅ እንጨት ትጥላለህ፣ 20 ሜትር እስኪሄድ በስልክህ ትቆጥራለህ። 25 ሰከንድ ከወሰደበት ፍጥነቱ በሰከንድ 0.8 ሜትር ነው። የቦዩ ወለልና ዳር ውሃውን ስለሚይዙት በ0.85 ታባዛለህ፤ 0.68። ስለዚህ በቦዩ የሚያልፈው በሰከንድ 3.57 ሜትር ኩብ ነው። ትራፒዝየምን በትምህርት ቤት ሸምድዶ የረሳ ልጅ እዚህ ጋ አይረሳውም።

የትኛውም ቤት የማያስተምረው፣ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ሂሳብ ደግሞ ከሃና ወደ ኦሞ ወንዝ ወረድ ሲሉ ይገኛል። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲን ያጠናው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ከሥነ ፈለክ ተመራማሪው ክላይቭ ራግልስ ጋር በ1978 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ ርዕሱ «ላለመስማማት መስማማት» እንደማለት ነው። ሙርሲዎች የጨረቃ ወራትን በቁጥር ይጠራሉ፤ ቆጠራው በርጉ ይባላል። አሁን ስንተኛው በርጉ ነው ብለህ ስትጠይቅ ግን አንዱ አምስተኛው ነው ሲል ሌላው የለም ስድስተኛው ነው ይልሃል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው፣ ማንም አይጣላም። የኦሞ ሙላት ሲመጣና ሲሸሽ፣ የደቡብ መስቀል ከዋክብት ምሽት ላይ ሲሰወሩ፣ ዛፍ ሲያብብ የተሳሳተው ወገን ዝም ብሎ ይታረም ነበር።

ሲታይ ግድየለሽነት ይመስላል። ጽሑፉን ባነበብኩ ቁጥር ግን የማየው መፍትሔ ነው። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ናቸው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳሉ። በጨረቃ ብቻ የሚቆጥር ገበሬ በሦስት ዓመት ውስጥ ዘሩን ከአንድ ወር በላይ ያዛባል። ስለዚህ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ አንድ ወር መጨመር አለበት። ባቢሎናውያን በንጉሥ ትእዛዝ ጨመሩት። ሙርሲዎች ንጉሥም ጸሐፊም ሳያስፈልጋቸው በክርክር ጨመሩት፤ ክርክሩ ራሱ ትርፉን ወር ይውጠዋል።

የእኛ ሊቃውንት ይህችኑ 11 ቀን የቤተ ክርስቲያን የበዓላት ቀመር በሆነው በባሕረ ሐሳብ ነው የያዟት። ለ2018 ዓ.ም. 5500 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣለት) አበቅቴ 12። በ19 ተባዝቶ 228፣ ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ የሚጠበቀው 30 መጣ፤ ስሌቱ ልክ ነው። መጥቅዑ መስከረም 18 እሑድ ዋለ፣ የእሑድ ተውሳክ (ተጨማሪ) 7 ነው፣ 18 እና 7 ተደምረው የነነዌን ጾም ጥር 25 ላይ አስገቧት። የዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ተማሪ የቀሪ ስሌትን በነምበር ቲዎሪ ኮርስ ያገኛታል። የቆሎ ተማሪ ግን በቃሉ ይዟታል።

ኮርሱን የማወጣው እኔ ብሆን ይህ የፍሬሽማን አንድ ሳምንት ይሆን ነበር፦ አንዱ ዘዴ በቀሪ፣ ሌላው በክርክር፣ ችግሩ ግን አንድ። ተማሪው 19 ዓመት 6939.75 ቀን መሆኑን፣ 235 የጨረቃ ወራትም ወደ 6939.7 ቀን መሆናቸውን በራሱ ካልኩሌተር ያገኘዋል። 19 በ12 ሲባዛ 228፤ ከ235 የጎደሉት የሚጨመሩት ሰባት ወራት ናቸው።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 3 እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ከተመረቀ ወዲህ የኦሞ ሙላት እንደ ድሮው አይመጣም፤ ከሙላቱ ጋር በርጉን ከሚዳኙት ምልክቶች ዋነኛው ሄዷል። ዛሬ አምስተኛው ነው የሚለውን ከስድስተኛው ነው ከሚለው ማን ያስታርቀዋል? አበባው ብቻውን ይበቃል? ኮከቡስ? ወይስ የሃና ገበያ ቀን? ጂንካ ላይ ሂሳብ ለሚያስተምር ሰው ይህ የቤት ሥራ ነው፤ የሳላማጎ ልጆች ለእረፍት ወደ ቤት ሲመለሱ አያቶቻቸውን ጠይቀው፣ የሁለቱንም ወገን መልስ ከነቀኑ ደብተራቸው ላይ ጽፈው የሚያመጡት።