ተፋላሚው ሲጨፍር

ቅይጥ ማርሻል አርት ቦክስን፣ ነፃ ትግልን፣ ጁዶን፣ ኪክቦክሲንግንና የብራዚል ጁጂትሱን በአንድ ሕግ ሥር የሚያገናኝ የፍልሚያ ስፖርት ነው። ተፋላሚዎች ቆመው በቡጢና በእርግጫ ይማታሉ፤ ከወደቁም በኋላ ትግሉ ወለል ላይ ይቀጥላል። አሸናፊው ተጋጣሚውን ይዘርራል፣ አንቆ ወይም መገጣጠሚያውን ጠምዝዞ እጅ ያሰጠዋል፣ ካልሆነም በዳኞች ነጥብ ይለያል። ከዚህ ሻካራ ስፖርት ውስጥ ዳንሰኞች፣ ሠዓሊዎች፣ ተዋንያንና ደራሲዎች ወጥተዋል። የብዙዎቹ ጥበብ ከፍልሚያቸው ጋር አንድ ምንጭ አለው፤ ሁለቱም ሰውነትን እንደልብ በማዘዝና ቅጽበትን በመጠበቅ ላይ የቆሙ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከትዕይንት የተወለደ ስፖርት

በጃፓን ቅይጥ ማርሻል አርት ያደገው ከፕሮፌሽናል ትግል፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ ከሚታወቅ የትግል ትዕይንት ጉያ ነው። በ1976 ታጋዩ አንቶኒዮ ኢኖኪ በቶኪዮ ከቦክሰኛው መሐመድ አሊ ጋር ገጥሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ የአሊን እግር ሲመታ 15 ዙር አለቀና አቻ ተለያዩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ‹‹ታይገር ማስክ›› በሚል የነብር ጭንብል ዝነኛ የነበረው ሳቶሩ ሳያማ ሹቶ የተባለውን የፍልሚያ ስልት መሠረተ። ማሳካትሱ ፉናኪና ሚኖሩ ሱዙኪ የተባሉ ታጋዮች ያቋቋሙት ፓንክሬስም የመጀመሪያ ውድድሩን በመስከረም 1993 አካሄደ፤ የአሜሪካው የፍልሚያ ድርጅት ዩኤፍሲ በዴንቨር ከተማ ከመጀመሩ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ማለት ነው።

ትዕይንቱ እውነተኛ ፍልሚያ ሲሆን ጭንብሉ፣ አልባሳቱና የመግቢያ ሙዚቃው አብረው ተሻገሩ። ታጋዩ ካዙሺ ሳኩራባ ግንቦት 1 ቀን 2000 በቶኪዮ ዶም ከጁጂትሱ ተፋላሚው ሮይስ ግሬሲ ጋር ሊገጥም ሲመጣ፣ ተመሳሳይ ጭንብል ካጠለቁ ሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ነበር የገባው፤ ከሦስቱ ተፋላሚው የትኛው እንደሆነ ተመልካቹ መለየት አልቻለም። ከዚህ ቀልድ በኋላ የተካሄደው ፍልሚያ 90 ደቂቃ ወሰደ፤ ያበቃውም የግሬሲ ወገን ፎጣ ሲወረውር ነው።

የጌንኪ ሱዶ ሁለት መድረኮች

ይህን ወግ እስከ ጥግ የወሰደው በ1978 በቶኪዮ የተወለደው ጌንኪ ሱዶ ነው። በትምህርት ቤት ትግል ተምሮ ወደ አሜሪካ ተሻገረና በካሊፎርኒያው ሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ ሥነ ጥበብ አጠና። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1999 በፓንክሬስ ሙያዊ ፍልሚያ ጀመረ። ወደ መድረክ አገባቡ በተራ ፉከራ የሚታለፍ አልነበረም፤ ከዳንሰኞች ጋር፣ በጭንብልና በተለያየ አልባሳት፣ እንደ ማሽን እየተንቀሳቀሰ ይገባ ነበር። ካሸነፈ በኋላ ደግሞ የዓለም አገሮች ባንዲራዎች የተሰፉበትን፣ ‹‹ሁላችንም አንድ ነን›› የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጨርቅ ይዘረጋል።

ዳንሱ ደወሉ ሲደወልም አያበቃም። ሱዶ በተጋጣሚው ፊት ድንገት ደርቆ ይቆማል፣ ጀርባውን ይሰጣል፣ ከዚያ ዞሮ በእጁ ጀርባ ይመታል። ልምድ ያለው ተፋላሚ የተጋጣሚውን ትከሻ፣ ዳሌና እግር እያነበበ ምቱ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ይገምታል፤ የሚጨፍርን ሰው ግን ማንበብ ያስቸግራል። በዚህ መንገድ በ2002 በለንደኑ ሮያል አልበርት ሆል፣ በ2004 ደግሞ በአሜሪካ ተጋጣሚዎቹን እጅ አሰጥቷል። በ2003 የመጨረሻ ቀን ከእሱ እጥፍ በላይ የሚመዝነውን አሜሪካዊ ቦክሰኛ ኤሪክ ኤሽን፣ በቅጽል ስሙ ‹‹በተርቢን››ን፣ በሁለተኛው ዙር ተረከዙን ጠምዝዞ አሸነፈው።

ስልቱ ዋጋም ያስከፍል ነበር። ጀርባ የሚሰጥና እጁን የሚያወርድ ሰው ፈጣን ተጋጣሚ ሲያገኝ ይጋለጣል፤ በ2005 ማብቂያ ሂሮስ በተባለው ውድድር ፍጻሜ ኖሪፉሚ ያማሞቶ በመጀመሪያው ዙር አስቁሞታል። ከዚያ በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 31 ቀን 2006፣ ሱዶ የዕለቱን ፍልሚያ ካሸነፈ በኋላ ስፖርቱን መተዉን አስታወቀ። ገና 28 ዓመቱ ነበር። ያስመዘገበው ውጤት 16 ድል፣ 4 ሽንፈትና 1 አቻ ነው።

በ2009 ወርልድ ኦርደር የተባለውን የሙዚቃና የዳንስ ቡድን መሠረተ። ሰባት ወንዶች እንደ ቢሮ ሠራተኛ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረውና መነጽር አድርገው፣ በከተማ አደባባይና መንገድ ላይ በሚተላለፈው ሕዝብ መካከል እንደ ማሽን ይንቀሳቀሳሉ። በቪዲዮ ሲታይ ፊልሙ የዘገየ ይመስላል፤ የዘገየው ግን የዳንሰኞቹ አካል ነው። እያንዳንዱ እርምጃ በሙዚቃው ምት ላይ ተጀምሮ በምቱ ላይ መቆም አለበት። ቀድሞ ተጋጣሚን ግራ ያጋባው ድንገት ደርቆ መቆም እዚህ የቡድን ጥበብ ሆነ። ጃፓን በመጋቢት 2011 በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ከተመታች በኋላ ‹‹ማሽን ሲቪላይዜሽን›› የተባለውን የሙዚቃ ቪዲዮ አወጡ፤ በ2014 ደግሞ በቶኪዮው አኪሃባራ ሰፈር የተቀረጸው ‹‹ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ›› ወጣ። ሱዶ መጻሕፍትም ጽፏል፤ የታኩሾኩ ዩኒቨርሲቲን የትግል ቡድንም አሠልጥኗል። በ2019 ለጃፓን የላይኛው ምክር ቤት ተመረጠ፤ በ2024 ወንበሩን ለቅቆ ለታችኛው ምክር ቤት በግል ቢወዳደርም ሁለተኛ ወጣ።

ከሌላው ዓለም

እስራኤል አዴሳንያ በ1989 በሌጎስ ተወልዶ በኒው ዚላንድ አደገ። ፍልሚያ ከመጀመሩ በፊት ዳንሰኛ ነበር፤ በዋንጋኑይ ከተማም የኮምፒውተር ዲዛይን ተምሯል። ‹‹ስታይልቤንደር›› የሚለውን ቅጽል ስሙን የወሰደው ‹‹አቫታር›› ከተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ካርቱን ነው። በጥቅምት 2019 በሜልቦርን ከሮበርት ዊታከር ጋር ለዩኤፍሲ ሻምፒዮንነት ሲገጥም ከዳንስ ጓዶቹ ጋር እየጨፈረ ገባ፤ በስታዲየሙ 57,127 ተመልካች ነበር። በሁለተኛው ዙር ዊታከርን በዝረራ አሸነፈ። ምት የሚሰነዝር መስሎ በትከሻና በዳሌ ማታለል የአዴሳንያ ዋነኛ ጥበብ ነው፤ አንዱን የአካል ክፍል ከሌላው ለይቶ ማንቀሳቀስ ደግሞ ዳንሰኛ ሁሉ የሚለማመደው ነገር ነው።

አሜሪካዊቷ አንጄላ ሂል ከኒው ዮርኩ ኩፐር ዩኒየን በሥነ ጥበብ ተመርቃ በአኒሜሽን ሥራ ላይ ነበረች። ወደ ፍልሚያ ከገባች በኋላም በክብደት ልኬት ቀን የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርያትን አልባሳት ለብሳ ትቀርባለች። ሮክሳን ሞዳፈሪ ደግሞ በጃፓን እንግሊዝኛ እያስተማረች ስትፋለም ኖራ የሕይወቷን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፋለች።

ቡጢና ካሜራ

ተፋላሚዎችን አብዝቶ የሳበው ጥበብ ሲኒማ ነው። በ1995 የዩኤፍሲን ውድድር ያሸነፈው ሩሲያዊ ኦሌግ ታክታሮቭ በአሜሪካና በሩሲያ ፊልሞች ተዋናይ ሆነ፤ ራንዲ ኩቱር በ2010 በ‹‹ዘ ኤክስፔንደብልስ›› ተሳተፈ። ዳይሬክተር ስቲቨን ሶደርበርግ ጂና ካራኖ ስትፋለም በቴሌቪዥን አይቶ በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ለታየው ‹‹ሄይዋየር›› መሪ ተዋናይት አደረጋት። ሽግግሩ ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። በፍልሚያ ጥሩ ምት የሚባለው ሳይታይ የሚደርሰው ነው፤ በፊልም ግን ምቱ መነሻው፣ ጉዞውና ማረፊያው ለካሜራ መታየት አለበት፤ ማንንም ሳይጎዳ ማለፍም ይኖርበታል። ስለዚህ ተፋላሚው ለዓመታት የደበቀውን ገልጦ ማሳየት ይማራል።

ጥበቡና እንጀራው

ከጥበቡ ጀርባ እንጀራም አለ። በዩኤፍሲ የሚፋለሙ ሰዎች ደመወዝተኛ ሠራተኞች ሳይሆኑ በውል የሚሠሩ ናቸው፤ የሚከፈላቸው በፍልሚያ ቁጥር ነው፤ ብዙዎቹም በዓመት የሚፋለሙት ጥቂት ጊዜ ነው። ጉዳት ሲደርስ ገቢው ይቆማል፤ ዕድሜ ሲገፋም ሙያው ያበቃል። በዚህ ላይ አዘጋጆች ትኬትና የቴሌቪዥን ሥርጭት የሚሸጡት በተፋላሚው ስምና መልክ ጭምር ስለሆነ፣ የማይረሳ አገባብ ያለው ሰው ይፈለጋል።

ይኸው ትኩረት ግን መልሶ ይወጋል። ጨፍሮ ገብቶ ያሸነፈ ሰው በራሱ የሚተማመን ይባላል፤ ጨፍሮ ገብቶ የተሸነፈ ልምምዱን ትቶ ቀልድ ሲያዘጋጅ የከረመ ተደርጎ ይታማል። ዳንሱ ያው ዳንስ ነው፤ ትርጉሙን የሚለውጠው የፍልሚያው ውጤት ነው። በወርልድ ኦርደር መድረክ ላይ ይህ ፍርድ የለም። ሱዶ በ28 ዓመቱ ያቆመውን እንቅስቃሴ ከ30 ዓመቱ በኋላ ሲቀጥለው ያጣው ተጋጣሚውን ብቻ ነበር።