ተጨማሪ መረጃ፦ ጦርነት ያሳጠረው ቀሚስ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በብሪታንያ ልብስ ለመግዛት ገንዘብ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩፖንም ያስፈልግ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው የተሰጠው 66 ኩፖን ነው። ጨርቁ ለወታደር የደንብ ልብስ፣ ናይለኑ ለፓራሹት ስለተፈለገ ቀሚስ አጠረ፣ ጠበበም። በ1942 የወንዶችን ሱሪ ግርጌ ማጠፍ እንኳ ተከለከለ። የእግር ሹራብ ያጡ ሴቶች ደግሞ እግራቸውን ቀለም ቀብተው ከኋላ የስፌት መስመር ይስሉበት ነበር! በ1947 የልብስ ንድፍ ባለሙያው ክርስቲያን ዲዮር ፓሪስ ላይ ወገቡ የጠበበ፣ ከታች ግን ብዙ ሜትር ጨርቅ የፈሰሰበት ቀሚስ ሲያቀርብ ብዙዎች ተደሰቱ፤ እንደ ብክነት ቆጥረው የተቆጡም ነበሩ። የብሪታንያ የልብስ ራሽን የቀረው በ1949 ነውና ቁጣቸው አያስገርምም።

ታሪኩ በ1943 ለንደን ውስጥ ለሚፈጸም ተውኔት ልብስ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ይህን ሁሉ ማወቅ አለበት። ሆኖም ተዋንያኑን በሙሉ የዚያን ዓመት ፋሽን ማልበስ ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል። በችግር ጊዜ ሰው የሚለብሰው ያለውን ነው፦ እናት ከጦርነቱ በፊት የተገዛ ካፖርት፣ ታናሽ ልጅ የታላቁን ሱሪ፣ አባት ክርኑ የተጣፈ ኮት።