ከቀራንዮ ሐሞት እስከ ትንሣኤ ማዕድ

እነሆ የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል ዋዜማ ላይ እንገኛለን። ሃምሳ አምስቱን የዐቢይ ጾም ቀናት የፈጸሙ ምእመናን ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን አድረው፣ ዶሮ ሲጮኽ ወደየቤታቸው ተመልሰው ይፈስካሉ። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ቅቤ ሲነጠር፣ ቡና ሲቆላ ከየጓዳው የሚወጣው ሽታ ለብዙዎቻችን የደስታ ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሽታ ሆዳቸውን የሚያውክባቸው፣ የበዓሉ ማዕድ ሲቀርብ ፊታቸውን የሚያዞሩ ወገኖችም በመካከላችን አሉ። እነርሱም በካንሰር ምክንያት የኬሞቴራፒ ሕክምና በመከታተል ላይ የሚገኙ ሕሙማን ናቸው።

በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በስሙ የያዘው ቀራንዮ፣ መድኃኔ ዓለም የተሰቀለበት ስፍራ መጠሪያ ነው። ቅዱስ ማቴዎስ በወንጌሉ ምዕራፍ 27 እንደ ጻፈው፣ በዚያ ስፍራ ሐሞት የተቀላቀለበት መጠጥ ለጌታችን ቀርቦለት ቀመሰው፤ ሊጠጣው ግን አልወደደም። አፉ የመረረበት ሕመምተኛ የሚጸልየው ምሬትን ወደማያውቅ አምላክ አይደለም ማለት ነው።

በዘንድሮው ጾም በደብረ ዘይት ሰሞን፣ በዚሁ በቀራንዮ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ለጥየቃ ሄደን ነበር። እኒህ እናት የጡት ካንሰር ታማሚ ሲሆኑ ሁለት ዙር መድኃኒት ወስደዋል። ሰውነታቸው እጅግ በመዳከሙ ሦስተኛው ዙር ወደ ሌላ ሳምንት ተላልፎባቸዋል። ልጃቸው የምታቀርብላቸውን ምግብ “በኋላ እበላዋለሁ” እያሉ ከራስጌያቸው ያስቀምጡታል፤ እርሷ ዘወር ስትል ለልጅ ልጃቸው ይሰጡታል።

“ልጄ፣ ውኃው ሳይቀር ብረት ብረት ይለኛል” አሉን። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እሱስ ይሁን፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አጥሚት ብጠጣ ግን ጌታ አይቀየመኝም? አንተው አይደለህ እንዴ በጾም በጸሎት ይበርቱ ያልኸኝ?” ሲሉ ጠየቁን።

በእርግጥም በጾሙ መግቢያ ላይ ጎብኝተናቸው ይህንኑ ብለናቸው ነበር። ቃሉን በየቤቱ እንደ ስንብት የምንናገረው ስለ ሆነ ልብ አላልነውም፤ እርሳቸው ግን እንደ ትእዛዝ ተቀብለውት ሰንብተዋል። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ የገፋፋንም ያ ጥያቄ ነው።

ማሰርና መፍታት የካህን እንጂ የዲያቆን ሥልጣን ባለመሆኑ፣ በማግሥቱ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመለስን። ካህኑም ጥያቄያቸውን በጥሞና ከሰሙ በኋላ ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ሁሉ እንዲመገቡ ፈቀዱላቸው፤ በጾሙ ፈንታም አጭር ጸሎት ሰጧቸው። በእርግጥም ከሐዋርያት ቀኖናዎች አንዱ ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾመውን ሲያወግዝ፣ በሰውነት ድካም የተያዘውን ከውግዘቱ ያወጣዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ውኃ ብቻ መጠጣቱን እንዲተው መክሮታል። ጾም ፈቃደ ሥጋን ለመግታት የተሠራ ሥርዓት ነው፤ መብላት ያስጠላው ሰው ግን የሚገታው ፍላጎት የለውም። ለእንዲህ ያለው ሰው አንዲት ማንኪያ አጥሚት መዋጥ ራሱ ተጋድሎ ነው።

ለመሆኑ ማቅለሽለሹ ከምን ይመጣል? የኬሞቴራፒ መድኃኒት በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን የሚያጠቃ በመሆኑ፣ ከካንሰሩ ጋር የአፍንና የአንጀትን ሽፋን፣ የጸጉርን ሥርና የደም ሕዋሳት የሚመረቱበትን መቅኔ ጭምር ይጎዳል። የተጎዳው አንጀት ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ሲለቅ፣ መልእክቱ በነርቭ አማካይነት በአንጎል ውስጥ ወደሚገኘው የትውከት ማዕከል ይደርሳል። ኦንዳንሴትሮን የተባለው መድኃኒት ይህንን መልእክት የሚያግድ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን ከተባለው ጋር ይታዘዛል። እነዚህ መድኃኒቶች ከትውከት በፊት ሲወሰዱ የበለጠ ይጠቅማሉ። እንደ ሲስፕላቲን ያሉት የካንሰር መድኃኒቶች ከተሰጡ በኋላ ማቅለሽለሹ ለበርካታ ቀናት ሊቆይ ስለሚችል፣ “ዛሬስ ተሽሎኛል” ብሎ ክኒኑን ማቋረጥ አይገባም። ክኒን መዋጥ ጾም ያፈርሳል በሚል ስጋት መተውም እንዲሁ ስሕተት ነው። የሆስፒታሉን በር ሲያዩ ገና የሚያቅለሸልሻቸው ሕሙማንም አሉ። ይህም በሕክምና የታወቀ ነገር እንጂ የእምነት ማነስ አይደለም።

ከጾም ጋር በተያያዘ ሕሙማኑን ይበልጥ የሚጎዳቸው ብዙውን ጊዜ የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ያባብሳልና። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ሞትን እስኪመኝ በደከመ ጊዜ፣ መልአኩ እንጎቻና ውኃ ይዞለት መጣ። ኤልያስም በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፤ መልአኩ ዳግመኛ ቀስቅሶት እንደገና በላ። የዛሬ ሐኪሞች የሚመክሩትም ይህንኑ ነው፤ አንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት ይልቅ ጥቂት በጥቂቱ፣ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ መቅመስ ይሻላል። ጠዋት ከአልጋ ከመነሣት በፊት ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት መቅመስ ሆድን ያረጋጋል። የአጃ አጥሚት፣ በሶ፣ ቂንጬ፣ አልጫ ሽሮ፣ ሙዝ፣ አቮካዶና የለውዝ ቅቤ በጾምም ወራት የሚገኙ፣ ለደከመ ሰውነት ኃይል የሚሰጡ ምግቦች ናቸው። ትኩስ ምግብ ሽታው ስለሚበረታ ለብ ብሎ ወይም ቀዝቀዝ ብሎ ቢቀርብ ይመረጣል። ብረት ብረት ለሚለው አፍ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማንኪያ ይረዳል። አፍ ከቆሰለ በርበሬውን፣ ሎሚውንና ቆሎውን ትቶ አፍን ጥቂት ጨው በተጨመረበት ለብ ያለ ውኃ ደጋግሞ መጉመጥመጥ ይገባል። ውኃ ሲጠጡም ፉት እያሉ እንጂ በአንድ ጊዜ አይሁን። ከአየር ጤና በታክሲ ተነሥቶ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ሕክምና የሚሄድ ሕመምተኛም ከመስኮቱ አጠገብ ቢቀመጥ የነዳጁ ሽታ ይቀልለታል።

ስለ ጠበልም አንድ ነገር እንበል። ትውከት በሽታውን አጥቦ ያወጣዋል በማለት በባዶ ሆድ ብዙ ጠበል የሚጠጡ አሉ። ከትውከቱ ጋር ግን የተዋጠው ክኒንና ሰውነት የሚፈልገው ውኃም አብሮ ይወጣል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለካንሰር ሕሙማንም ጠበሉ በልኩ፣ መድኃኒቱም በሰዓቱ ቢሆን እምነትን አይቃረንም።

የነገው በዓል ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ኬሞቴራፒ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሚቀንስ፣ ቁርጥ ሥጋ፣ ያልበሰለ ክትፎና ያልተፈላ ወተት ለሕመምተኛው አይቅረቡለት። ሽንኩርቱ በሚቁላላበት፣ ቡናው በሚቆላበትና ዕጣኑ በሚጨስበት ሰዓት በርና መስኮት ተከፍቶ፣ ሕመምተኛው ነፋሻ ስፍራ ይቀመጥ። ጉርሻ የፍቅር ምልክት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን “በሞቴ” እየተባለ የሚጎረሰው እንጀራ ለታመመው ሰው ጭንቅ ይሆንበታል። ባይበላ አንቀየመው፤ ትንሽ ቆይተን ትንሽ እናቅርብለት። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ አንድ ቀን ሙሉ ውኃ እንኳ አልረጋለት ካለ፣ ወይም ሽንቱ አንሶ ከጠቆረ በዓሉ እስኪያልፍ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

እኒያ እናት ሦስተኛውን ዙር መድኃኒት በሆሣዕና ሰሞን ወስደዋል። ማቅለሽለሹ ዛሬም አልተዋቸውም፤ አጥሚታቸውን ግን ማለዳ በልጃቸው ፊት ይጠጣሉ። ባለፈው ስንጠይቃቸው፣ “ለፋሲካ ዶሮው ይቅርብኝ፤ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ከረጋልኝ ፈሰክሁ ማለት ነው” ብለውናል።

ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣት በኋላ፣ የምትበላውን እንዲሰጧት ወላጆቿን አዘዘ። እርሱም ራሱ ከትንሣኤው በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ በተገለጠ ጊዜ የሚበላ ነገር ጠይቆ፣ ከተጠበሰ ዓሣ በፊታቸው በላ። ስለዚህ ነገ ማለዳ በየቤታችን ለታመመው ወገናችን የምናቀርበው ትንሽ ሳህን የትንሣኤው ማዕድ አንዱ ክፍል ነው። ይበርቱ ስንልም፣ ትንሽ ይቅመሱ ማለታችን መሆኑን አብረን እንንገራቸው።

መልካም የትንሣኤ በዓል!